አነስተኛ የጉዞ ጊታር፦ ከምርጫ እስከ ሞንታርቦ

ትንሽ ጊታር የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ መልኩንና ዋጋውን አይቶ ይገዛል። ስለ ድምፁ ማሰብ የሚጀምረው ካፌ ወይም ሰርግ ቤት ሞንታርቦ ላይ ሰክቶት ቆርቆሮ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ ነው። ያን ጊዜ ጥፋቱን ስፒከሩ ላይ ይጥልና ትልቅ ስፒከር ፍለጋ ይገባል። ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለው በጊታሩና በስፒከሩ መካከል ነው። ከጊታሩ የሚወጣው ሲግናል ለማይክራፎን ተብሎ በተሠራ መግቢያ ሲገባ ቤዙን እዚያው ያጣል፤ ከዚያ በኋላ የቱንም ያህል ዋት ቢጨመርበት አይመለስም። ስለዚህ አመራረጡ ከሚጫወቱበት ቦታ ይጀምር፤ ቀጥሎ ክሩ፣ ከዚያ ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይረው ዕቃ)፣ ስፒከሩ መጨረሻ ይምጣ።

የት እንደሚጫወቱ ይወስኑ

በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ወይም በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ማደሪያ ውስጥ ለራሱ የሚለማመድ ተማሪ ስፒከር አያስፈልገውም። 15 ወይም 20 ሰው ለተሰበሰበበት ሳሎን ከ5 እስከ 10 ዋት እውነተኛ ጉልበት ያለው፣ በባትሪ የሚሠራ ስፒከር ይበቃል። ለካፌ 30 ዋት ገደማ ይያዙ። ዳስ ውስጥ ግን ይጨበጨባል፣ ከበሮ ይመታል፣ እስክስታ ይወርዳል። እዚያ የራስን ስፒከር ተሸክሞ መሄድ ድካም ብቻ ነው፤ የሚያስፈልገው ጊታሩን በወጉ ወደ ሚክሰሩ የሚያስገባ ዕቃ ነው። ሐይቅ ከተማ ወርደው ውሃው ዳር ለሚጫወቱ ደግሞ መብራት ስለማይኖር የባትሪው ዕድሜ ከዋቱ ይቀድማል።

የጊታሩ መጠን

“ትንሽ” የሚለው ቃል ሻጩ ዘንድ ብዙ ነገር ስለሆነ በሜትር ይለኩ። አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ ከሚያርፉበት ነጭ አጥንት እስከ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ከተደረደሩት የብረት መስመሮች 12ኛው) ያለውን ርቀት ይለኩና በ2 ያባዙት፤ የሚወጣው ቁጥር የክሩ የሚንቀጠቀጥ ርዝመት ነው። ሙሉ መጠን ያለው ቦክስ ጊታር 65 ሴ.ሜ. ገደማ ይሆናል። የጉዞ ጊታሮች በአብዛኛው ከ54 እስከ 60 ሴ.ሜ. ናቸው፤ የያማሃ ጄአር 54፣ የቤቢ ቴይለር ወደ 58፣ የሊትል ማርቲን ወደ 58 ተኩል፣ የጂኤስ ሚኒ ወደ 60 ሴ.ሜ. ነው። የያማሃ ጊታሌሌ 43 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ቅኝቱም ከተለመደው ከፍ ብሎ ኤ ከሚባለው ድምፅ ይጀምራል፤ ማለትም 5ኛው ፍሬት ላይ ካፖ (ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) እንደተደረገበት ጊታር ነው።

ርዝመቱ ለጣትዎ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ይታያል። የመጀመሪያው ፍሬት ስፋት ርዝመቱ ለ17.8 ሲካፈል ነው። በ65 ሴ.ሜ. ጊታር 36 ሚ.ሜ. ተኩል፣ በ58 ሴ.ሜ. ወደ 32 ሚ.ሜ. ተኩል፣ በጊታሌሌ 24 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ጣቱ ወፍራም የሆነ ሰው ከማሲንቆ ወይም ከድምፃዊ ጋር ለመስማማት 5ኛው ፍሬት ላይ ካፖ ሲያደርግ በ58 ሴ.ሜ. ጊታር ላይ እንኳ የሚቀረው 43 ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ጣቶቹ ይደራረባሉ። ከድምፃዊ ጋር ለመሥራት የሚገዙ ከሆነ ከ58 ሴ.ሜ. በታች አይውረዱ።

ቅርፁን በተመለከተ፣ የማርቲን ባክፓከር ዓይነት ቀጭን ጊታር ለሻንጣ ይመቻል፤ ነገር ግን ሳጥኑ ቀላል ስለሆነ አንገቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፣ ያለ ማንገቻ ተቀምጦ መጫወት ያታክታል። ሳጥን የሌላቸው እንደ ያማሃ ሳይለንት ያሉት ደግሞ ፊድባክ (የስፒከሩ ድምፅ ወደ ጊታሩ ተመልሶ የሚፈጥረው ጩኸት) አይፈሩም፣ የጆሮ ማዳመጫም ይቀበላሉ፤ ያለ ስፒከር ግን አጠገብዎ የተቀመጠ ጓደኛ እንኳ በቅጡ አይሰማውም። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ላለ ሰው ትንሽ ሳጥን ያለው ቦክስ ጊታር ይሻላል ባይ ነን፤ ባትሪው ቢያልቅም ዘፈኑ አይቋረጥም።

እንጨቱና አየሩ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በሐረጎ ጠመዝማዛ ሲወርዱ በ25 ኪ.ሜ. ገደማ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይሄዳሉ፤ አየሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። የብረት ክር ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ድምፁም ይወርዳል። ደሴ ላይ ቃኝተው ኮምቦልቻ መድረክ ላይ ሳይቃኙ መጀመር አይቻልም። ደርሰው ከሻንጣው ካወጡት በኋላ 15 ደቂቃ ያሳርፉት፣ ከዚያ ይቃኙት። እንደደረሱ ወዲያው ከቃኙት ገና እየሞቀ ስለሆነ እንደገና ይወርድብዎታል።

ለእንዲህ ያለ መንገድ ከሙሉ እንጨት ይልቅ ኮምፔርሳቶ የሆነ ጊታር ይመረጣል። በድምፅ ሙሉ እንጨት እንደሚበልጥ አያከራክርም፤ ነገር ግን በክረምት የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ፊቱን ያሳብጠዋል፣ ብሪጁ (ክሮቹ ሳጥኑ ላይ የሚታሰሩበት እንጨት) ወደ ላይ ይነሳል፣ ክሩ ከፍሬቱ ይርቃል። በበጋ ደግሞ እንጨቱ ይኮማተራል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ከአንገቱ ጎን ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። ኮምፔርሳቶ በተደራራቢ ቅጠል የተሠራ ስለሆነ ይህን ሁሉ ይቀንሰዋል። ለጊታር ተስማሚው እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። ከሰል ከሚነድበት ክፍል ግድግዳ ላይ አይስቀሉት።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ከአንድ አጭር ማስመሪያ፣ ከሁለት ሦስት ወረቀትና ስልክ ላይ ካለ መቃኛ በስተቀር ምንም አያስፈልግዎትም። መጀመሪያ ጊታሩን በጭንቅላቱ በኩል አይንዎ ሥር ይዘው አንገቱን እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ይዩት፤ ከተጣመመ ይመልሱት። ከዚያ 6ኛውን ክር (ከሁሉ ወፍራሙን) በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው አንገቱ ከሳጥኑ ከሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑ። 7ኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ተራ ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት፤ 0.2 ወይም 0.3 ሚ.ሜ. ማለት ነው። ጭራሽ ክፍተት ከሌለው ይንቀረቀራል። ከሰባት ስምንት ወረቀት በላይ ከሰፋ አንገቱ ጎብጧል፤ ውስጡ ማስተካከያ ብረት ካለው ይስተካከላል፣ ከሌለው አይግዙት። ብረቱ መኖሩን የሚያውቁት በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ወደ አንገቱ ሥር ሲያዩ ወይም ጭንቅላቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ክዳን ሲከፍቱ በሚያገኙት የቁልፍ ቀዳዳ ነው።

ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ የክሩን ከፍታ ይለኩ። ለብረት ክር 6ኛው ላይ 2.5 ሚ.ሜ.፣ 1ኛው ላይ 2 ሚ.ሜ. ገደማ ጥሩ ነው። ለናይለን 4 እና 3 ሚ.ሜ.። ከፍታው ትንሽ ከበለጠ ብሪጁ ላይ ያለውን ነጭ አጥንት አውጥቶ ከሥሩ በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ይቻላል፤ 12ኛው ፍሬት ላይ 1 ሚ.ሜ. ለማውረድ ከአጥንቱ 2 ሚ.ሜ. ይሞረዳል። ከብሪጁ ኋላ የሳጥኑ ፊት አብጦ ከሆነ ግን አጥንት መሞረድ መፍትሔ አይሆንም።

በመጨረሻ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ ነካ ብቻ አድርገው ይምቱት፤ መቃኛው የሚያሳየውን ይዩ። ከዚያ ተጭነው ይምቱት። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። አጭር ጊታር ላይ ይህ ስሕተት በጣም የተለመደ ነው፤ በተለይ 6ኛው ክር ሲጫኑት ከፍ ይላል። ክሩ አሮጌ ከሆነ ፍርዱን ከመስጠትዎ በፊት በአዲስ ያስቀይሩት።

ክር

ክር በአጠረ ቁጥር ለዚያው ድምፅ የሚያስፈልገው ውጥረት ይቀንሳል። ከ65 ወደ 58 ሴ.ሜ. ሲወርድ ውጥረቱ በ20 በመቶ ገደማ ይላላል። ለዚህ ነው ትንሽ ጊታር ላይ 10 ቁጥር ክር የሚንቀረቀረውና ቤዙ የሚሞተው። 12 ቁጥር ይጠቀሙ፤ ቀጭኑ ክር 0.012 ኢንች የሆነው ማለት ነው። 54 ሴ.ሜ. ለሆነው 13 ቁጥርም ይሸከማል፣ ጊታሩ ለብረት ክር የተሠራ እስከሆነ ድረስ። ለናይለን የተሠራ ጊታር ላይ ግን የብረት ክር ፈጽሞ አይወጠርም። የናይለን ስድስት ክሮች ባንድ ላይ 40 ኪሎ ገደማ ይስባሉ፤ 12 ቁጥር ብረት በሙሉ ርዝመት 70 ኪሎ ገደማ። ብሪጁ ተገንጥሎ ይወጣል።

የወሎን ቅኝት ለሚጫወት ሰው የወፍራሞቹ ክሮች ነገር ከሌላው ይበልጥ ያሳስባል። ባቲ ማይነርን ከኢ ቢጀምሩ የቅኝቱ ድምፆች ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ስለሆኑ ስድስቱም ክፍት ክሮች ቅኝቱ ውስጥ ናቸው። ትዝታ ሜጀርም ከጂ ሲጀመር እንዲሁ ነው። አምባሰልን ከኢ ሲጀምሩ ድምፆቹ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ናቸው፤ 4ኛውና 3ኛው ክር ክፍት ሆነው አይመቱም፣ የቀሩት ግን ይመታሉ። አጃቢው ብዙውን ጊዜ 6ኛውንና 5ኛውን ክር ክፍት አድርጎ እያስጮኸ ዜማውን በላይኞቹ ይሠራል። እነዚያ ሁለት ክሮች ስፒከሩ ውስጥ ካልተሰሙ ቅኝቱ መሠረት ያጣል፤ ድምፃዊውም የሚይዘው ያጣል።

ፒካፕ መምረጥ

በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ላይ የሚገባው ማግኔት ፒካፕ ለመግጠም ሁለት ብሎን ማጥበቅ ብቻ ይጠይቃል፣ ፊድባክም ብዙ አያመጣም። የሚሠራው ግን ለብረት ክር ብቻ ነው፤ ናይለን አይሰማም። ድምፁ ወደ ሊድ ጊታር ያደላል።

ፋብሪካው የሚገጥመው ከብሪጁ አጥንት ሥር ያለው ፒኤዞ (ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ሴራሚክ) ነው፤ ከጎኑ የድምፅ ማስተካከያ፣ አንዳንዴም መቃኛና የ9 ቮልት ባትሪ አለው። ጊታሩ ሲገዛ ከነዚህ ጋር ከመጣ ጥሩ ነው፣ ሌላ ነገር አይጨምሩበት። ጃኩ እንደተሰካ ባትሪው መሥራት እንደሚጀምር ብቻ አይርሱ፤ ሰክቶ የተወ ሰው ጠዋት የሞተ ባትሪ ያገኛል። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ በኃይል ሲመታ መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

ሦስተኛው ራስዎ የሚለጥፉት የፒኤዞ ዲስክ ነው። 27 ሚ.ሜ. ስፋት ያለው የነሐስ ሳህን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ለናይለንም ለብረትም ይሠራል፣ ክራር ላይም እንዲሁ ይለጠፋል። በአግባቡ ከተሠራ ከብዙ የፋብሪካ ፒካፕ አያንስም፤ ስሙን ያጠፋው አሠራሩ ነው።

ዲስኩን መግጠም

1. ከዲስኩ ላይ ያለውን ቀጭን ሽቦ ይንቀሉና ሽፋን ባለው የማይክራፎን ኬብል ይተኩት። መሐሉ ላይ ያለው ነጣ ያለ ክብ ከኬብሉ የውስጥ ሽቦ ጋር፣ የነሐሱ ጠርዝ ከሽፋኑ ጋር ይበየዳል። መበየጃውን ነጩ ላይ ከ2 ሴኮንድ በላይ አያቆዩ፤ ሙቀቱ ሴራሚኩን ያበላሸዋል። ቀድሞ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ነካ ማድረግና ሽቦውን አስቀድሞ በስታኞ መቀባት ሥራውን ያፋጥነዋል።

2. ክሮቹን አላልተው እጅዎን በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ ያስገቡ። ከብሪጁ ሥር የተለጠፈች ጠንካራ ጣውላ ያገኛሉ። ዲስኩ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ክሮቹ በፒን የሚታሰሩ ከሆነ የክሮቹን ጭራ እንዳይነካ ከፒኖቹ ራቅ ያድርጉት።

3. ወዲያው በሱፐር ግሉ አይለጥፉ። በሁለት በኩል በሚይዝ ቀጭን ፕላስተር ለጊዜው ይያዙት፣ ክሩን ይቃኙ፣ ስፒከር ላይ ሰክተው ስድስቱንም ክሮች በእኩል ኃይል ይምቱ። ወፍራሞቹ ከበዙ ዲስኩን ወደ ቀጫጭኖቹ በኩል 1 ሴ.ሜ. ያንቀሳቅሱ፣ ቀጫጭኖቹ ከጮኹ በተቃራኒው። ይህ እርምጃ ጊዜ ይወስዳል፤ ሊዘለል ግን አይገባም፤ ከተለጠፈ በኋላ የሚነቀል ዲስክ ብዙውን ጊዜ ይሰበራል።

4. ቦታው ሲገኝ በአንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ሙሉ ፊቱን ይለጥፉ። ግማሹ አየር ላይ ከቀረ ይንጫጫል። ወፍራም ስፖንጅ ያለው ፕላስተር ሹሉን ድምፅ ስለሚውጥ ለመጨረሻው አይመከርም።

5. የዲስኩን ጀርባ በኢንሱሌሽን ፕላስተር ሸፍነው በላዩ የአሉሚኒየም ፎይል ያልብሱት፤ ፎይሉ ከኬብሉ ሽፋን ጋር ይገናኝ፣ መሐሉን ነጭ ክብ ግን ፈጽሞ አይንካ። ይህ ካልተደረገ ዲስኩ የክፍሉን የመብራት እምምታ (እምም የሚል ድምፅ) ይለቅማል።

6. ለጃኩ ሳጥኑን መብሳት ካስፈለገ የማንገቻው ቁልፍ ያለበት የጊታሩ ጭራ ላይ ይበሱ፤ ውስጡ ወፍራም እንጨት ያለው እዚያ ነው። በ4 ሚ.ሜ. ጀምረው ደረጃ በደረጃ እስከ 12 ሚ.ሜ. ያስፉት። በአንዴ በትልቅ መብሻ ከገቡ ኮምፔርሳቶው ይላጣል። መብሳት ያልፈለገ ሰው ኬብሉን በድምፅ ማውጫው ቀዳዳ አውጥቶ ጃኩን ማንገቻው ላይ ማሰር ይችላል።

በመካከል ያለችው ትንሽ ሳጥን

ከሁሉ ይበልጥ የሚረሳው እዚህ ላይ ነው። የፒኤዞ ዲስክ ራሱ እንደ ካፓሲተር ነው፤ 27 ሚ.ሜ. የሆነው 20 ናኖፋራድ ገደማ አለው። የማይክራፎን ወይም የላይን መግቢያ ደግሞ ኢምፒዳንሱ (ለሲግናሉ ያለው የኤሌክትሪክ መቋቋም) ብዙ ጊዜ 10 ኪሎ ኦም ወይም ከዚያ በታች ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ከ800 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚቀንስ ማጣሪያ ይሆናሉ። የጊታር 6ኛ ክር 82 ኸርዝ ነው። ቤዙ የት እንደሄደ አሁን ግልጽ ነው። መግቢያው 1 ሜጋ ኦም ቢሆን ማጣሪያው ወደ 8 ኸርዝ ይወርዳል፣ ሁሉም ክር ሙሉ ሆኖ ያልፋል።

ስለዚህ ከዲስኩ በኋላ ኢምፒዳንስ የሚቀይር ባፈር ያስፈልጋል። የተዘጋጀ ፕሪአምፕ (ሲግናሉን ቀድሞ የሚያጎላ ዕቃ) ወይም አክቲቭ ዲአይ ቦክስ (ጊታርን ከሚክሰር የማይክራፎን መግቢያ ጋር የሚያስማማ ሳጥን) ማግኘት ከቻሉ ይግዙ። ካልሆነ ማንኛውም የሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ በግማሽ ቀን ይሠራዋል። ዋናው ዕቃ ቲኤል 072 የተባለው አይሲ ነው፤ ከአሮጌ ሚክሰር ላይም ይወጣል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ 8ኛው እግር ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 4ኛው ከሰርኪዩቱ ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል። ሁለት 100 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ በተከታታይ ይያያዙና መሐላቸው ላይ 4.5 ቮልት ይገኛል፤ ከዚያ ነጥብ ወደ ኔጋቲቭ 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይግባ። ከዚሁ መሐል በ2.2 ሜጋ ኦም ሬዚስተር ወደ 3ኛው እግር ይሂዱ። የዲስኩ ሲግናል በ10 ናኖፋራድ ካፓሲተር አልፎ እዚያው 3ኛው እግር ላይ ይገባል። 1ኛውና 2ኛው እግር እርስ በርስ ይያያዛሉ። ከ1ኛው እግር በ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና በ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር አልፎ ወደ ጃኩ ጫፍ ይወጣል፤ የካፓሲተሩ ፖዘቲቭ ወደ አይሲው ይዙር። ከጃኩ ጫፍ ወደ ኔጋቲቭ 100 ኪሎ ኦም ይጨመር፣ ሲሰኩት እንዳይፈነዳ። የማይሠራው የአይሲው ግማሽ ዝም ብሎ አይተውም፦ 6ኛና 7ኛ ይያያዙ፣ 5ኛው ከ4.5 ቮልቱ ነጥብ ጋር ይገናኝ።

መውጫው ላይ ስቴሪዮ ጃክ ይጠቀሙና የባትሪውን ኔጋቲቭ ከመካከለኛው እግሩ ጋር ብቻ፣ የሰርኪዩቱን ኔጋቲቭ ደግሞ ከውጨኛው እግሩ ጋር ያያይዙ፤ የሞኖ ጃክ ሲገባ ባትሪው ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። አይሲው የሚበላው 3 ሚሊ አምፒር ገደማ ስለሆነ አንድ የአልካላይን 9 ቮልት ባትሪ ከ100 ሰዓት በላይ ይሄዳል። 7.5 ቮልት ሲደርስ ይቀይሩት። ሁሉም ነገር በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ይግባ፣ ቆርቆሮውም ከሰርኪዩቱ ኔጋቲቭ ጋር ይገናኝ።

ከባፈሩ በፊት ያለው ኬብል ከ1 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከባፈሩ በኋላ 5 እና 6 ሜትር ችግር የለውም። ከመድረክ እስከ ሚክሰር ረጅም ርቀት ካለ በዲአይ ቦክስ አድርጎ በማይክራፎን ኬብል መላክ ነው።

ስፒከር

ጎማ ያላቸው ቻርጅ የሚደረጉ ስፒከሮች ላይ 1000 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ተጽፎ ይታያል። ሒሳቡን ይሥሩ። ውስጡ ያለው ባትሪ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ከሆነ ጠቅላላ ጉልበቱ 84 ዋት ሰዓት ነው፤ በእውነት 1000 ዋት ቢያወጣ 5 ደቂቃ አይቆይም። ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት ከሌለው 12 ቮልት በ4 ኦም ስፒከር ላይ ማውጣት የሚችለው በጥሩ አሠራር 18 ዋት ገደማ ነው። ይህ ለሳሎንና ለትንሽ ካፌ ይበቃል፤ ስለዚህ በቁጥሩ አይታለሉ፣ አይናቁትም።

“ጊታር” የሚል ጽሑፍ ያለበት መግቢያ ሁልጊዜ የጊታር አይደለም፤ ከማይክራፎኑ ጋር አንድ የሆነ ብዙ ነው። ሱቅ ውስጥ የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ያለ ባፈር ዲስክ ያለበትን ጊታር ይሰኩ፣ 6ኛውን ክር ክፍት አድርገው ይምቱ። ድምፁ ቀጭን ሆኖ የክሩ ጩኸት ብቻ ከተሰማ ኢምፒዳንሱ ዝቅተኛ ነው፤ ባፈርዎን ይዘው ይምጡ። በብሉቱዝ ጊታር ማገናኘት አይቻልም ማለት ይቀላል፤ ክሩን ከመቱ በኋላ ድምፁ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ በላይ ዘግይቶ ስለሚደርስ ምቱ ይፈርሳል።

ለጊታር ተብለው ከተሠሩት በባትሪ የሚሠሩት የሮላንድ ማይክሮ ኩብና ሞባይል ኤሲ፣ እንዲሁም የቦስ ካታና ሚኒ እያንዳንዳቸው 6 ትንንሽ ባትሪ ይይዛሉ። ከነዚህ ለቦክስ ጊታር የተሠራው ሞባይል ኤሲው ነው።

ድምፁን ማስተካከል

ሁሉንም ቮልዩም ዜሮ አድርገው ይሰኩ። ስፒከሩ መጨረሻ ላይ ይበራል፣ መጀመሪያ ላይ ይጠፋል፤ ይህን ያልጠበቀ ሰው በየጊዜው ስፒከሩን በፍንዳታ ይቀጣዋል። የጊታሩን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ያድርጉ፣ በሚጫወቱት ከፍተኛ ኃይል እየመቱ የሚክሰሩን ጌይን (የመግቢያውን ድምፅ የሚያጎላውን ቁልፍ) ቀዩ መብራት ብልጭ እስኪል ይጨምሩ፣ ከዚያ ትንሽ ይመልሱ። ዋናውን ቮልዩም የሚያነሱት ከዚያ በኋላ ነው። ጌይኑ ዝቅ ብሎ ዋናው ከፍ ካለ ሽሽታ ይበዛል፤ በተቃራኒው ከሆነ ይሰነጠቃል።

ፒኤዞ 2 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ የፕላስቲክ ድምፅ ይሰጣል፤ ሚዱን በ3 ወይም 4 ዴሲቤል ይቀንሱ። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይቁረጡ፤ ጊታሩ እዚያ የሚለው የለውም፣ የእግር ኮቴና የሳጥኑ ንክኪ ብቻ ነው። ትንሽ ሳጥን የቤዝ ጉድለት ስላለው ቤዙን መጨመር ያምራል፣ ግን በጥቂቱ፤ ፊድባክ የሚነሳውም ከዚያው ነው።

ጉም ጉም የሚል ፊድባክ ከተነሳ መጀመሪያ ቦታዎን ይቀይሩ፤ ስፒከሩ ከፊትዎ ወደ ሰዉ ይመልከት እንጂ ከኋላዎ አይሁን። ከዚያ የድምፅ ማውጫውን ቀዳዳ በጎማ ክዳን ወይም በተቆረጠ ስፖንጅ ይድፈኑት። ፕሪአምፑ ላይ ፌዝ የሚል ቁልፍ ካለ ይጫኑት፤ አንዳንዴ እርሱ ብቻ ይበቃል። ካልቆመ ሚክሰሩ ላይ ከ100 እስከ 200 ኸርዝ ያለውን ቀስ እያሉ እየቀነሱ የሚጮኸውን ነጥብ ይፈልጉ።

እምምታና መብራት

መብራታችን 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው፤ ሶኬቶች ደግሞ ብዙ ጊዜ መሬት አልተገናኘላቸውም። የሚያምማ ድምፅ ካለ ክሩን ወይም ጃኩን በእጅ ይንኩ። ሲነኩት ከቀነሰ ሽፋኑ ላይ ችግር አለ፤ ወደ ፎይሉና ወደ ሽቦው ይመለሱ። ካልቀነሰ የስፒከሩን ቻርጀር ነቅለው በባትሪ ይሞክሩ፤ ከጠፋ ጥፋቱ የቻርጀሩ ነው፣ በባትሪ ይጫወቱ። ሁለት ዕቃ በሁለት የተለያየ ሶኬት ላይ ካለ ወደ አንድ ማከፋፈያ ያምጧቸው። ዲአይ ቦክስ ካለ የመሬት ማቋረጫውን ቁልፍ ይሞክሩ።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ይያዝ። ጊታር ይዘው ከንፈር ማይክራፎን ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ወዲያው ያቁሙ። ሁለቱ ዕቃዎች የተለያየ ቮልቴጅ ላይ ናቸው ማለት ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ በክረምት ዳስ ውስጥ ይህ ሰው ይገድላል። ማይክራፎኑን በመፈተሻ ካቻቢቴ ሳይነኩ መዝፈን አይጀመርም፤ የካቻቢቴው መብራት ከበራ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራ። እምምታ ለማጥፋት ብሎ የስፒናውን የመሬት እግር መቁረጥ ፈጽሞ አይደረግም።

መብራት ከጠፋ ሁሉንም ይንቀሉ። ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ ቮልቴጁ ሊዋዥቅ ስለሚችል ይጠብቁ፤ ጄኔሬተር ሲነሳም እንዲሁ፣ ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ ይሰኩ።

መንገድ ላይ

ሚኒባስ ውስጥ ጊታሩን ጋቢና ወለል ላይ አያስቀምጡ፤ በብዙዎቹ ሞተሩ ከዚያ መቀመጫ ሥር ነው። የእንጨት ኮላ ከ60 ዲግሪ ሴልሲየስ አካባቢ ጀምሮ መለስለስ ይጀምራል፤ ከዚያ ብሪጁ ይነሳል። ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጥ መተውም ያው ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ጉልበትዎ መካከል አንገቱን ወደ ላይ አድርገው ይያዙት። ረጅም መንገድ ከሆነ ክሮቹን አንድ ድምፅ ያህል ያላሉ፤ ሙሉ በሙሉ ማላላት አንገቱን ወደ ኋላ ያጎብጠዋል።

ሻንጣው ውስጥ አንድ ትርፍ 9 ቮልት ባትሪ፣ ትርፍ 1ኛና 2ኛ ክር፣ ካፖ፣ ትንሽ ካቻቢቴና ሁለተኛ የጃክ ኬብል ይኑር፤ መድረክ ላይ ቶሎ የሚበላሸው ኬብሉ ነው፣ ያውም ጃኩ ሥር። ጊታሩ ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ ከሆነ ባትሪው ይውጣ፤ የሚፈሰው ፈሳሽ ፕሪአምፑን ይበላዋል።